የሁለት ሰው ላብ

ሎሚና ጨው። ሌላ ሰው ይህ ሽታ ሲመጣበት አፉ ውሃ ይሞላል። እኔን ብብቴን ይበላኛል።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ፣ ያቺ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው፣ ነጭ ሸሚዟን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መጣችና፣ “አባባ፣ እርስዎ መቼም የማያውቁት የለም፤ ይኼ ቢጫ በምን ይለቃል?” አለችኝ። ብብቱ ላይ እርድ የተደፋበት ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካስተማርኩት ግማሹን ራሴም በደንብ አላውቀውም ነበር። በዚች አንድ ትምህርት ግን የሚበልጠኝ የለም። ሳፋ አስመጣሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አስሞላሁ፣ ሎሚ ቆረጥኩ፣ ጨው ነሰነስኩ። በአውራ ጣቴ ማሸት ስጀምር ሽታው ተነሣ። እጄ ቆመ።

“ምነው አባባ?”

“ሎሚው ዓይኔ ገባ።”

ሽማግሌ ሲያለቅስ የሚያሳብብበት አያጣም። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ላንተ ግን ልንገርህ።

በወጣትነቴ ሌላው ሰው ላብ ሲኖረው እኔ ምንጭ ነበረኝ። የደብረ ታቦርን ብርድ ታውቀዋለህ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ጋቢውን አልፎ፣ ሹራቡን አልፎ አጥንት ካልነካ አይመለስም። እኔ ግን ጥርሴ እየተንገጫገጨ ብብቴ ይፈስ ነበር። አናቴ ጉና፣ ብብቴ የእብናት ቆላ። የክፍል ጓደኞቼ “ይኼ ሲፈራ ነው የሚያልበው” ይሉኝ ነበር። ሐሰት ነው፤ ሳልፈራም ያልበኝ ነበር። ስፈራማ ክረምት ነው። ስለዚህ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ መሄድ ለመድኩ። ከሩቅ ያየኝ ሰው በሁለቱም ብብቴ ዶሮ ደብቄ የምሄድ ይመስለው ነበር።

እናቴ ባሏ የሞተባት የብቅልና የጌሾ ነጋዴ ነበረች። ቅዳሜ ገበያ ላይ ጌሾ በዓይኗ አይታ ስትገዛ ያየ የለም። በእፍኟ ታነሣለች፣ ታሸዋለች፣ አፍንጫዋ ሥር ታደርሳለች፣ አንድ ጊዜ ትስባለች። “ይኼ ዝናብ ነክቶታል” ካለች ነክቶታል፤ ሻጩ ምሎ ተገዝቶም አያድነውም። ቤትም ያው ነው። ጀርባዋን ሰጥታ ብቅል እያሰጣች፣ ከደጅ የገባው እኔ ልሁን ታላቅ ወንድሜ ዞር ሳትል ታውቅ ነበር። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያላት እናት ያለችው ጎረምሳ ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር አስበው። እስከ ዛሬ ሲጋራ አላጨስኩም፤ ሰዎች ከጨዋነት ይቆጥሩልኛል።

ታላቅ ወንድሜ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ እንድማር እሱ ደብተሩን ጣለና ቀን ሥራ ገባ። ድንጋይ ተሸከመ፣ ጭቃ አቦካ፤ ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ከሚሰፉት እስላም ጎረቤታችን ዘንድ በስተመጨረሻ አንድ ነጭ ሸሚዝ አሰፋ። ሊያጭ ነበር። ያቺን ሸሚዝ በሕይወቱ አንድ ቀን ለበሳት፣ ለመስቀል። ደመራው ዙሪያ ሲጨፍር ውሎ በላብ ተነክሮ ገባ። በማግስቱ ከሰፈር ጎረምሶች ጋር ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ሊወርድ ሲነሣ ሸሚዙን በራፉ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀላትና፣ “እማ፣ ለገና መጥቼ እለብሳታለሁ። ይቺ አህያ እንዳትነካት!” አለ። አህያዋ እኔ ነኝ።

ገና አለፈ። ጥምቀትም አለፈ። አብረውት የወረዱት አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ። አንዱ “መተማ ላይ ተለያየን” አለ። ሌላው “ወባ ጥሎት ነበር፤ ግን ተነሥቷል” አለ። ሦስተኛው ወደ ሱዳን ሲሻገር ያየ ሰው አለ ሲባል ሰምቷል። እናቴ ሦስቱንም አስቀምጣ ጠላ ቀዳችላቸው፣ መረቀቻቸው፣ ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም።

አንድ ልማድ ግን አመጣች። ከገበያ ስትገባ፣ ጭነቷን እንኳ ሳታወርድ፣ ወደ ሚስማሩ ትሄዳለች። የሸሚዙን ብብት ገለጥ ታደርጋለች፣ አፍንጫዋን ታስጠጋለች፣ አንድ ጊዜ ትስባለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ። እኔ ምን መሰለኝ? ለብሼው እንደሆነ የምትፈትሽ መሰለኝ። በገዛ ቤቴ ዘበኛ የተቆመብኝ ሌባ ነኝ ብዬ አኮረፍኩ። እንግዲህ ወጣት ሆኜ ይህን ያህል ብልህ ነበርኩ፤ በኋላ ደግሞ የሰው ልጅ አስተማሪ ሆንኩ።

የካቲት ላይ ለመምህራን ማሰልጠኛ ፈተናውን አልፌ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ፤ ረቡዕ ጠዋት። እናቴ ማክሰኞ ለብቅል የሚሆን ዳጉሳ ልትሸምት እብናት ወረደች፤ አርብ እመለሳለሁ ብላለች። የኔ አንድ ሸሚዝ ኮሌታው ተበልቶ፣ ብብቱ ደግሞ የዓለም ካርታ ሆኖ ነበር፤ አህጉሮቹ ሁሉ አሉበት። ሚስማሩ ላይ ያለችው ነጭ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። “ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው” አልኩ። “እሱም ቢኖር፣ ውሰዳት አንተ አህያ ይለኝ ነበር” አልኩ። ሌባ ሲሰርቅ ከባለቤቱ ጋር በሐሳቡ ተስማምቶ ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። “እስቲ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ” አሉኝ። ክንዴን ከጎኔ ሳላላቅቅ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከሰሌዳው ግርጌ መጻፍ ጀመርኩ።

“ስማ፣ የምታስተምረው ጫጩት ነው?” አለኝ መላጣው።

“አይደለም፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ከላይ ጻፍ!”

ክንዴን አነሣሁ። ቀዝቃዛ አየር እርጥቡን ሲነካው ተሰማኝ። ከኋላዬ ሴትዮዋን ሳል ጀመራት፤ ሳሉ መጨረሻ ላይ ሳቅ ሆነ። “ይበቃል ልጄ፣ እጅህን አውርድ” አለችኝ። አለፍኩ። ለምን እንዳሳለፉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለዚች ሥራ ይህን ያህል ካላበው ይሥራት ያሉ ይመስለኛል።

ደስታዬ ቤት እስክገባ ነበር። ሸሚዙን አውልቄ ብርሃን ላይ ዘረጋሁት። ብብቱ ላይ ሁለት ቀለበት አለ፦ አንዱ ትንሽ፣ ገርጣ ያለ፣ የወንድሜ የመስቀል ላብ፤ በዙሪያው እንደ ጎርፍ ተንሰራፍቶ የኔ። አሸተትኩት፤ እኔን እኔን ይላል። እናቴ አርብ ገብታ ያቺን አንድ ስበት ስትስብ አለቀልኝ። ወንድሜስ ዛሬ ነገ ሲመጣ ምን እለዋለሁ? ያኔ ይመጣል ብዬ አምን ነበር።

ውሃ አፈላሁ። በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና እጄ እስኪላጥ አሸሁት፤ ከዚያ ቶሎ እንዲደርቅ ጣሳ ፍም ሞልቼ እንደ ካውያ ተኮስኩበት። ቢጫው ቡኒ ሆነ። ሱቅ ሮጬ በረኪና ገዛሁ፤ ነጭ ያደርጋል ሲሉ እሰማለሁ። ደፋሁበት። ዓይኔ እያየ ቡኒው ተመልሶ ቢጫ ሆነ፤ ምን ቢጫ! አደይ አበባ አጠገቡ ይገረጣ ነበር። በረኪናው አፍንጫዬን አቃጠለኝ፣ ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ ሳፋው አጠገብ ተቀምጬ ጸለይኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ የምለቅመውም አጣሁ።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ እንደወጣች ሳፋውን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ገና ውሃ ሳልቀዳ የጎረቤታችን ባልቴት ከአጥሩ ማዶ ጮኹ።

“አንተ! ምን ልትሠራ ነው?”

“ልብስ… ትንሽ ላለቀልቅ ብዬ ነው፣ እማማ።”

“በሚካኤል?! ዛሬ አሥራ ሁለት መሆኑን አጣኸው? እናትህ ዘወር ስትል ልብስ ታጥብ! መልአኩ በበረዶ ያስፈጀን? ግባ!”

ገባሁ። አየህ፣ ከእናቴ መመለስ በፊት የቀረችኝ አንዲት ፀሐይ የሚካኤል ፀሐይ ነበረች፤ በዚያች ቀን በሰፈሩ በአንድም ክርስቲያን ደጅ የልብስ ገመድ ላይ አንዲት መሐረብ አትሰቀልም። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ስል ቆየሁና ድንገት አንድ ገመድ ትዝ አለኝ። የእስላሙ ልብስ ሰፊ።

ሸሚዙን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እርጥቡ ሆዴን እያቀዘቀዘኝ በጓሮ ዞሬ ሄድኩ። መኪናው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸሚዙን ሲያዩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

“ይቺን እኔ ነኝ የሰፋኋት። ምን አደረግሃት? ጠበስካት?”

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፈላውን፣ ፍሙን፣ በረኪናውን። በእያንዳንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ላብ እንደ ግልፍተኛ ሰው ነው ልጄ። በእሳት ስትመጣበት ይብስበታል፤ በቀዝቃዛ ያዘው፣ ይበርዳል። በረኪና ደግሞ ለላብ ጠላቱ አይደለም፣ ወዳጁ ነው።” ብብቱን ገልጠው ጣታቸውን በሁለቱ ቀለበቶች ላይ አዞሩ። “ይኼ ትልቁ ያንተ ነው። ይኼ ከውስጥ ያለው የታላቅህ ነው። አየህ፣ ከሱ ላይ በረኪናው ብዙ አልነካውም።” ጣታቸውን አነሡ። “የትኛውን ነው የምናስለቅቀው?”

“ሁለቱንም!”

“እናትህ አዘዋል?”

“አዎ፣ ጋሼ፣ እሷ ናት የላከችኝ” አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አየዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የዋሸሁትን ውሸት ሁሉ ሰብስበህ አንዱን ብቻ ሰርዝ ብትለኝ ይቺን ነው የምሰርዛት።

ባለቤታቸው ሎሚ አመጡ። በረኪናው ወጥቶ እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቅን። ከዚያ ሸሚዙን ገልብጠን ሎሚና ጨው፣ በአውራ ጣት፣ ቀስ እያሉ፤ ፀሐይ ላይ፤ ሊደርቅ ሲል እንደገና ሎሚ፤ እንደገና ፀሐይ። “ነቅሎ ሳይወጣ ካውያ እንዳታሳየው” ይሉኛል። “ወደፊት ደግሞ ከውስጥ ካናቴራ ልበስ። ብብትህ ላይ የምትፈታ ጨርቅ እሰፋልሃለሁ፤ እሷን እያወጣህ ታጥባለህ። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን የሰው ልብስ አለመልበስ ነው።” ባለቤታቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምክንያቱም ቢጫው እየገረጣ ነበር። ወደ ማታ ሸሚዙ ወተት ሆነ። አፍንጫዬን ብብቱ ውስጥ ከተትኩ፤ እኔ የለሁበትም! ሎሚ ብቻ። የልብስ ሰፊውን እጅ ሳምኩ። ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ እጥፋቱን ሁሉ እንደነበረ አስተካከልኩ።

እናቴ አርብ ቀትር ላይ ገባች። ማዳበሪያው ጀርባዋ ላይ እንዳለ ወደ ሚስማሩ ሄደች። እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ መጽሐፉ ተገልብጦ እንደነበረ በኋላ ነው ያየሁት።

ሳበች። ቆመች። ሁለተኛ ሳበች፤ ሁለት ጊዜ ስትስብ አይቼ አላውቅም። ማዳበሪያው ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ዳጉሳው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሸሚዙን አውርዳ ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው፤ አንዱን ብብት፣ ሌላውን ብብት፣ ኮሌታውን፣ እጅጌውን አንድ በአንድ አሸተተች። ዓይነ ስውር የጣለውን ነገር በእጁ ሲዳስስ አይተሃል? እንደዚያ ነበር። እኔ “ለብሰኸዋል!” የምትለውን እየጠበቅኩ መልሴን አዘጋጅቻለሁ።

“ሎሚ” አለች።

“ቆሽሾ ነበር እማ… ሲመጣ ንጹሕ እንዲያገኘው ብዬ…”

“አልቆሸሸም ነበር” አለች። ድምፅዋ አልተነሣም። “እሱ ነበር ያለበት።”

በዚያች ቅጽበት ነው የገባኝ። ፍተሻ አልነበረም። ልጇን ሰላም እያለች ነበር የምትገባው።

በዱላ ብትለኝ ደስ ባለኝ። አልነካችኝም። ዳጉሳውን ለቀመች። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ አንድ ማዳበሪያ ጌሾ ገዝታ መጣች። ማታ ፈትቼ ሳየው ሻግቷል፤ ለኔ አፍንጫ እንኳ ይሸታል። ዝናብ የነካው ጌሾ ገዝታ የገባችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ነኝ አፍንጫዋን ያጠብኩባት።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ከሚስማሩ አወረደችና ወረወረችልኝ።

“ልበሰው።”

“እማ…”

“ልበሰውና ይላብህ። ከአንድ ማኅፀን ነው የወጣችሁት። ሌላ ጊዜ እንደ ምንጭ ትፈስ የለም? ሂድ!”

ለበስኩት፣ ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዳገት ሮጥኩ። ሳይፈለግ ሲፈስ የኖረ ላብ ያን ቀን እምቢ አለ። ሽቅብ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደግሜ ወጣሁ፤ ጉና በረዶውን ይነፋብኛል፣ ብብቴ ደረቅ። ባልቴቷ ከደጃቸው ሆነው፣ “ምን ነካው ይኼ ልጅ? ማን እያባረረው ነው?” ይላሉ። ሦስተኛው ላይ እስትንፋሴ ቆሞ ከዳገቱ ጫፍ ተቀመጥኩ። ጉም ተገልጦ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቆላ ይታይ ነበር፤ ገደል ከገደል በላይ፣ ሰማያዊ፣ መጨረሻ የሌለው። መተማ ከዚያ ወዲያ ነው። ሁመራ ከዚያ ወዲያ ነው። ስመለከተው፣ ስመለከተው፣ “አይመጣም” የሚለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ላቡ ያኔ መጣ። ጓደኞቼ እውነታቸውን ነው፤ ሲፈራ ነው የሚያልበው።

ቤት ገብቼ አውልቄ ሰጠኋት። ብብቱን ገለጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንድ ጊዜ ሳበች።

“እሱ አይደለም” አለች። “የሱ ብቅል ብቅል ይል ነበር። ያንተ ጌሾ ነው፤ ይመርራል።”

“ልጠበው ታዲያ?”

“ተወው። ጠላ በብቅል ብቻ አይጠመቅም።” ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። እኔ ማሰልጠኛ ስገባም፣ ገሳይ ተመድቤ ሳስተምርም፣ ሳገባም እዚያው ነበር። ስትሞት ከዚያው ሚስማር አውርጄ ሣጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ወንድሜ አልመጣም።

እና ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሸሚዝ ጠራላት፤ ደስ ብሏት ጮኸች። እኔ ደጅ ፀሐይ ላይ ሳንቀላፋ ውለታ ልትከፍለኝ ሣጥኔን ከፍታለች። ስነቃ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላለች።

“አባባ፣ ይቺም ቢጫ ሆናለች፤ ሎሚ ተርፎኛል፣ ልጠብልዎት?”

“ተይው!”

የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ጮህኩ። የአንዱ እጅጌ ጫፍ ውሃ ነክቶታል። ከእጇ ነጠቅኳት፤ ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ክፍሌ ገብቼ አፍንጫዬን ቀበርኩበት። ምንም የለም። አቧራ፣ የሣጥን እንጨት። የሁለት ሰው ላብ ያን ሁሉ ዓመት የት እንደሄደ እንጃ። ወይ ሸሚዙ ነው ያለቀበት፣ ወይ የኔ አፍንጫ፤ የማጣራበት ሌላ ሰው የለኝም።

በማግስቱ ማለዳ ለበስኩት። ሆዴ ላይ አይቆለፍም፤ ጋቢዬን ደረብኩበትና ምርኩዜን ይዤ ያንኑ ዳገት ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ሩጫ አይተህ አታውቅም፤ ኤሊ አልፋኝ ትሄድ ነበር። ግማሽ ስደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ደረቅ። የመጋቢት መሬት ነው። አንድ ዕድሜ ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ነገር አንዲት ጠብታ ስለምነው የለም።

የልጅ ልጄ እያለከለከች ደረሰችብኝ። “አባባ! በዚህ ብርድ የት ነው የሚሄዱት? ማን እያባረረዎት ነው?”

“ትንሽ ላብ ፈልጌ ነው።”

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። አጠገቤ ተቀምጣ ጋቢውን አስተካከለችልኝ፣ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች።

“አባባ፣ ይቺ ሸሚዝ ምን ምን ትላለች?”

“ምን ትላለች?” አልኳት። ጋቢውን ገለጥኩላት።

ዓይኗን ጨፈነች። አፍንጫዋን አስጠጋች። አንድ ጊዜ፣ ልክ አንድ ጊዜ ሳበች።

“እንጃ፤ ጠላ ቤት ጠላ ቤት።”

ሎሚው ደግሞ ዓይኔ ገባ።